ከኩላሊት ሕመም ጋር ጉልበትን አብቃቅቶ መኖር፦ ለሰሜን ሸዋ ቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

የኩላሊት ሕመምተኛ ድካም ከውጭ አይታይም። ፊቱ ደህና ነው። ቡና ላይ ይጫወታል፣ ይስቃል። ከዚያ አንድ ጀሪካን ውሃ ከቦኖ አምጥቶ ግማሽ ቀን ይተኛል። ጎረቤት "አሁን ደህና አልነበርክ እንዴ?" ይላል። ቤተሰብም አንዳንዴ ስንፍና ይመስለዋል። ሕመምተኛው ደግሞ ደህና በሆነበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ባንዴ ልጨርስ ብሎ ይሮጣል። በማግስቱ አልጋ ላይ ይውላል።

"ዕረፍት አድርጉ" ማለት ቀላል ነው። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት፣ ከብት የሚጠበቅበት ቤት ግን በዚህ ምክር ብቻ አይተዳደርም። ነሐሴ ላይ የጎተራው እህል ሲያንስ፣ እመቤቲቱ እሸት እስኪደርስ እየሰፈረች ነው የምታወጣው። ጉልበትም እንዲሁ በሳምንት ተሰፍሮ ሊወጣ ይችላል። እንዴት እንደሚሰፈር ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

1. ድካሙ የሚታከም መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ

ብዙ ሰው "ኩላሊቴ ነው፣ ምን ይደረጋል" ብሎ ይተወዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከድካሙ ከፊሉ መድኃኒት አለው።

ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የደም ማነስ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሴል የሚሠራው በዚህ ሆርሞን ትእዛዝ ነው። ኩላሊት ሲዳከም ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ ደም ያንሳል። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ይመታል፣ ብርዱ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይሰማል። ሕክምናው እንደ ምርመራው ውጤት ብረት በክኒን ወይም በደም ሥር፣ አልያም የዚያው ሆርሞን መርፌ ነው። የብረት ክኒን ከታዘዘላችሁ ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰዱት፤ ብረቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ።

አንድ የእኛ አገር ጉዳይ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንዝ ውስጥ ከዚያም በላይ አለ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የጤነኛ ሰው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ክፍል) ከቆለኛው ከፍ ይላል። ስለዚህ ለቆላ ደህና የሚባል ቁጥር ለእኛ ማነስ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ቁጥሩ ሲነበብ የቦታው ከፍታ እንዲታሰብ ይመክራል። አዲስ ሐኪም ጋ ስትቀርቡ ደጋ እንደምትኖሩ ንገሩት።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ደም ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል። ሌሊት እግር ዕረፍት ያጣል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። የግፊት መድኃኒት ከልክ በላይ ሠርቶ ብድግ ሲሉ ሊያዞር ይችላል። ድብርትም አለ፤ ድብርት ሕመም ነው፣ የእምነት ማነስ አይደለም። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ለዓመታት የተስማማችሁ መጠን አሁን ሊበዛ ይችላል። ድንገተኛ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ራብ ከመጣ ስኳራችሁ ወርዶ ይሆናል።

ለቀጠሮው ቀን ጥያቄዎቹን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሄሞግሎቢኔ ስንት ነው? የብረት ክምችቴ ታይቷል? ፖታሺየሜስ (ሲበዛ ልብን የሚያውክ ደም ውስጥ ያለ ማዕድን)? ግፊቴ ስቆም ይወርዳል? ከመድኃኒቶቼ የሚያደክመኝ አለ? ሐኪሙ ሲቸኩል ወረቀት ትልቅ ነገር ነው።

ወገብና ጉልበት ሲያም ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። እነዚህ የደከመ ኩላሊትን ይበልጥ ይጎዳሉ። ፋርማሲ ስትገቡ "የኩላሊት ሕመምተኛ ነኝ" በሉ፣ ከዚያ የሚሆናችሁን ጠይቁ። ስሙ የማይታወቅ ሥርና ቅጠልም እንደዚያው ነው፤ አትሞክሩት።

2. ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ

የልጆች ደብተር ይበቃል። መጻፍ የሚያስቸግረው ሰው ለልጁ ይንገር። ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ ጉልበታችሁን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። አጠገቡ ምን እንደሠራችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ እጥበት (ዲያሊሲስ፣ ደምን በማሽን ማጣራት) ካላችሁ ቀኑን ጻፉ።

ከዚህ ደብተር ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው የእናንተ ደህና ሰዓት ነው። ደጋ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ደሙ ያነሰ ሰው 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ በበረዶ ውሃ ዕቃ ካጠበ ቀኑ እዚያው አለቀ። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከ3 ሰዓት ወዲህ ብትጀምሩ ይሻላል። ሸዋ ሮቢትና ቆላው ደግሞ ተቃራኒ ነው። እዚያ ሥራው ሙቀቱ ሳይበረታ ማለቅ አለበት፤ ሙቀት ጥማት ያመጣል፣ ፈሳሽ ለተከለከለ ሰው ጥማት ፈተና ነው።

ሁለተኛው ዕዳው የሚመጣበት ቀን ነው። ማክሰኞ የሠራችሁት ብዙ ጊዜ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ነው የሚጥላችሁ። መጥፎ ቀን ሲገጥማችሁ የዚያን ቀን ጠዋት ብቻ አትመርምሩ። ወደ ኋላ ሁለት ቀን ገልጣችሁ እዩ።

3. ሥራውን በሦስት ክፈሉ

አንድ ገጽ ላይ የቤቱን ሥራ ሁሉ ጻፉ። ከዚያ በሦስት ለዩት፦ እኔ ብቻ የምሠራው፣ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችል፣ ቢቀር ምንም የማይመጣበት።

እዚህ ላይ ሰው ይዋሻል። ሁሉንም "እኔ ብቻ" ውስጥ ይከታል። መድኃኒት መዋጥ የእናንተ ብቻ ነው። ገላ መታጠብ፣ ሐኪም ጋ መሄድ፣ ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት የእናንተ ነው። ጀሪካን መሸከም ግን የእናንተ አይደለም። ማንም ሊሸከመው ይችላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤቱን እንደ አዲስ ማጠብ ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ነው።

የምትወዱትን አንድ ነገር በመጀመሪያው ክፍል ላይ አስቀምጡ። ብዙ መመሪያዎች "መጀመሪያ ግዴታ፣ ከተረፈ ደስታ" ይላሉ። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። እሑድ ቅዳሴ ካልቆመች ሳምንቱ ሳምንት የማይመስላት እናት ቅዳሴዋን ትሂድ፤ ወንበር ወይም መቋሚያ ይዛ፣ ቅዳሜ ምንም ሳትሠራ። የሚቀነሰው ልብስ ማጠቡ ነው።

ወንዶች ልጆች ያሏችሁ ደግሞ "ወንድ ነው፣ አይችልም" አትበሉ። ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ብቻውን የኖረ ልጅ ብርድ ልብስ መጭመቅ አያቅተውም።

4. ሳምንቱን ሥሩ

ሕጉ አንድ ነው፦ ሁለት ከባድ ሥራ ተከታትሎ አይውልም። ከከባድ ቀን በኋላ ቀላል ቀን ይግባ።

በብዙ ቤት ከሁሉ የሚከብደው እንጀራ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ጀምሩ። ደጋ ላይ ሊጥ በብርዱ ምክንያት ቀስ ብሎ ነው የሚቦካው፣ 3 እና 4 ቀን ሊወስድ ይችላል። ይህ ለእናንተ ጥሩ ነው። የሚቦካበትና የሚጋገርበት ቀን በራሱ ይራራቃል፣ መካከሉ ዕረፍት ይሆናል። ሊጡን ጉልበት ያለው ሰው ያሽላችሁ። አብሲቱንም ሌላ ሰው ይጣለው፤ የፈላ ድስት ማንሳት የእናንተ ሥራ አይደለም። እናንተ ምጣዱ ጋ ተቀመጡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ በምትደርሱበት ከፍታ አድርጉት። በማገዶ ከሆነ ጭሱ የሚወጣበት በርና መስኮት ይከፈት። ጥቂት ጋግራችሁ ተነሱ፣ እግራችሁን ዘርጉ፣ ከዚያ ተመለሱ። መብራት ቢጠፋ ቀኑን ቀይሩት እንጂ በንዴት ማገዶ ፍለጋ አትሂዱ።

አንድ ትልቅ ጋገራ ከማድረግ በሳምንት ሁለት ትንንሽ ጋገራ ይቀላል። ቆላ ላይ እንጀራ ቶሎ ስለሚሻግት ደግሞ ብዙ ጋግሮ ማስቀመጥ ትርፍ ድካም ነው። መግዛት ከተቻለ ግዙ። እንጀራ መግዛት ነውር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነውርነቱ አይታየኝም።

ልብስ ላይ ብልሃቱ ማጠራቀምን መተው ነው። በየቀኑ ሁለት ሦስት ቀላል ልብስ ተቀምጦ ማጠብ ይቻላል። ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ውሃ ሲጠጡ የሚከብዱ ናቸው፤ ሁለት ሰው ይዞ ይጨምቃቸው። ውሃ ከሆነ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ባለ 5 ሊትር ግዙ። ገበያ ቀን ደግሞ መሄጃውን በእግር፣ መመለሻውን በባጃጅ አድርጉ። ከኪሳችሁ ለባጃጅ የወጣው ብር የነገውን ቀን ይገዛላችኋል።

5. ሥራው ላይ ስትሆኑ

ሳይደክማችሁ ዕረፉ። ከሁሉም ደረጃ ይህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ደህና ሆኖ ሳለ መቀመጥ ሰነፍ ያስመስላል። በስልክ ማንቂያ ሙሉ። 20 ደቂቃ ሥሩ፣ 10 ደቂቃ ተቀመጡ። ማንቂያው ሲጮህ "ይቺን ብቻ ልጨርስ" የለም።

እየሠራችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል። ሽንኩርት መክተፍ፣ ምስር መልቀም፣ ጥሬ ማበጠር ተቀምጦ ይሆናል። ዕቃችሁን ከወገብ እስከ ትከሻ ባለው ቦታ ደርድሩ፤ ማጎንበስና መንጠራራት ጉልበት ይበላል። ከተቀመጣችሁበት ስትነሱ ቀስ በሉ፣ ጥቂት ቆማችሁ ተራመዱ።

6. እርሻ ላላችሁ

የገበሬው ችግር ሥራው ቀን አለማሳለፉ ነው። በመኸር ሰኔና ሐምሌ ይዘራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል። በልግ የሚዘራበት የመንዝና የአንኮበር ደጋ ደግሞ ተጨማሪ ሁለት የውጥረት ወቅት አለው። ስለዚህ ውይይቱ ከወቅቱ በፊት ይሁን። ግንቦት ላይ ተነጋገሩ።

መሬቱን በከፊል ለእኩል መስጠት አንድ መንገድ ነው። ሌላው ወንፈል ነው። ወንፈል ግን ብድር ስለሆነ መመለስ አለበት፤ ብዙ ሕመምተኛ የሚያፍረው እዚህ ላይ ነው። በጉልበት ፋንታ በሌላ ለመመለስ በግልጽ ተዋዋሉ፦ በበሬ፣ በምግብ፣ በልጅ ጉልበት፣ ወይም ተቀምጦ በሚሠራ ሥራ። ዘር መምረጥ፣ መሣሪያ መጠገን፣ አውድማ መጠበቅ እናንተ የምትችሉት ነው። "ሞፈር መያዝ አልቻልኩም፣ ዘሩን ግን እኔ እለቅምላችኋለሁ" ማለት ክብር አይቀንስም።

7. ለቅሶ፣ ማኅበር፣ ቡና

በእኛ አገር ጉልበት ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ከእርሻውም የሚብስበት ቤት አለ።

እድርተኛ ከሆናችሁ ሳትታመሙ በፊት እንደነበራችሁ ድንኳን ተካዩና ወጥ ሠሪዋ እንዳትሆኑ ለዳኛው ወይም ለጸሐፊው አስቀድማችሁ ንገሩ። ተቀምጦ የሚሠራ ድርሻ ጠይቁ፤ መዝገብ መያዝ፣ ገንዘብ መቀበል። ለቅሶ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አይደረስም። የቅርቡን ሰው ቀብር ሂዱ፣ የራቀውን በሠልስቱ ወይም በስልክ ድረሱ። በቤተሰቡ ስም ልጅ መላክም ያለ ወግ ነው።

ቃሉን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይረዳል። ለጎረቤት፦ "እትዬ፣ አይቀየሙኝ፣ ሐኪም አትቁሚ ብሎኛል። እሑድ ከሰዓት መጥቼ አጫውትዎታለሁ።" ለወንድም፦ "ወንድሜ፣ መምጣት አቅቶኝ ነው እንጂ ልቤ እዚያ ነው። ልጁን ልኬዋለሁ።" ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ባብራራችሁ ቁጥር ምክር ይዘንብባችኋል።

ቡና ደስ ይላል፣ ሰው ያገናኛል፤ አትተዉት። ግን የሚያፈላው ሁልጊዜ እናንተ አትሁኑ። ከአቦል እስከ በረካ መቀመጥም ሰዓት ነው። ፈሳሽ የተገደበበት ሰው ሲኒዎቹን ይቁጠር፣ ጨው የበዛበትን ቆሎ ይዝለል።

8. እጥበት ላይ ያላችሁ

የተለመደው እጥበት በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ገደማ ነው። በወጪ ምክንያት 2 ቀን የሚያደርጉም ብዙ ናቸው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሚመላለስ ሰው መንገዱ ራሱ ከባድ ሥራ ነው። የእጥበት ቀን ላይ ሌላ ምንም አትጻፉ። ከእጥበት በኋላ መዛል የተለመደ ነው፤ አንዳንዱ በማግስቱ ነው ሰው የሚሆነው። ወጥ ከቀደመው ቀን ተሠርቶ ይደር።

ረጅሙ ክፍተት፣ ማለትም ሁለትና ከዚያ በላይ ቀን ያለ እጥበት የሚያልፍበት፣ ከሁሉ አደገኛው ነው። ፈሳሽና ፖታሺየም የሚጠራቀመው ያኔ ነው። ድግስና ክርስትና በዚያ ቀን ከገጠመ ሂዱ፣ ግን ሳህኑንና ብርጭቆውን ጠብቁ።

ፊስቱላ (ለእጥበት ሲባል በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ሥር) ያለበት እጅ ጀሪካን አይሸከም፣ ሕፃን አይታቀፍበት፣ ግፊት አይለካበት፣ ደም አይቀዳበት፣ ተንተርሰውት አይተኙ። በየቀኑ ጠዋት ዳስሱት፤ ንዝረቱ ከጠፋ በዚያው ቀን ሕክምና ይፈልጋል። አንገት ወይም ደረት ላይ ካቴተር (ለእጥበት ደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ) ያላችሁ ውሃ አታስነኩት።

ይህ ወደ ጠበል ያመጣናል። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄድ ሕመምተኛ ብዙ ነው። ሂዱ። ሦስት ነገር ግን ያዙ። መድኃኒትና እጥበት አይቋረጥ። ፈሳሽ የተገደበ ሰው ጠበሉን በጆግ አይጠጣ፣ ቅምሻ ይበቃል፤ ሰውነት ጠበልንም እንደ ውሃ ነው የሚቆጥረው። ካቴተር ያለበት ሰው እግሩን ብቻ ይረጭ፣ ለሚያጠምቁት አባት አስቀድሞ ይንገር።

9. ማዕዱና ጾሙ

እዚህ ላይ አላበዛም፤ ምግብ እንደ ደም ውጤታችሁ ስለሚለያይ። ጨው ለሁሉም ይቀነሳል፤ ለጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይመከራል። ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታልና ለእናንተ ያለ ጨው ይለይ። "የጨው ምትክ" ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፖታሺየም ነው፤ አትግዙት። ፖታሺየማችሁ ከፍ ካለ ድንችን ከትፋችሁ በብዙ ውሃ ቀቅሉና ውሃውን ድፉት።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መዋል መድኃኒቱንም ጉልበቱንም ያዛባል። ከጾሙ በፊት ለሐኪሙም ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት። ረመዳን የሚጾሙ ወገኖቻችንም ከሐኪምና ከሼሃቸው ጋር ይማከሩ።

10. መንቀሳቀስ

ጉልበት ይቆጠባል ብሎ ሙሉ ቀን መተኛት ጡንቻን ያከሳል፣ ድካሙን ያብሳል። በደህና ሰዓታችሁ ሜዳ ሜዳውን 5 ደቂቃ ተራመዱ። ከሳምንት በኋላ ከተስማማችሁ ጥቂት ጨምሩ። ዳገት በኋላ ይመጣል። የቀን እንቅልፍ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፣ ከ9 ሰዓት በፊት ይሁን።

11. እቅዱ የሚጣልባቸው ቀኖች

ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ባለበት ቀን እቅዱን አጥፉት። አንዳንድ የግፊትና የስኳር መድኃኒቶች በዚያን ጊዜ ለጥቂት ቀን ሊቆሙ ይገባ ይሆናል፤ የትኞቹ እንደሆኑ አሁኑኑ፣ ደህና ሳላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁና ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉ።

የሚከተሉት ግን በዕረፍት አይታለፉም፦ ተጋድሞ መተንፈስ አለመቻል፣ የደረት ሕመም፣ ልብ ያለ ሥርዓት መምታት፣ እግር መብረክረክና ድንገተኛ የጡንቻ መዛል፣ ሽንት በድንገት መጥፋት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ መቃዠት፣ ካቴተር ላለበት ሰው ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት። በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የመኪና ባለቤት የሆነ ጎረቤት ስልክ ቁጥር፣ የመድኃኒቶቹ ዝርዝርና የመጨረሻው ላቦራቶሪ ውጤት ከደብተሩ ጋር በአንድ ፌስታል በር አጠገብ ይንጠልጠል። ፌስታሉ የት እንዳለ ልጆቹም ይወቁ።